የሸራ ጀልባን ሞተር በራስ እጅ መቀየር፦ ከመግዛትዎ በፊት የሚሰቀልበትን ቦታ ይለኩ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ርዝመቷ 7 ሜትር፣ ክብደቷ 1,400 ኪሎ ግራም ገደማ በሆነችው የሸራ ጀልባዎ ኋላ ላይ የተሰቀለው ባለ 5 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው) አሮጌ ሞተር ከእንግዲህ የማይታመን ሆኖብዎታል። በእሱ ፈንታ 9.9 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ስትሮክ (ዘይቱ ለብቻው የሚሞላለት) አዲስ ሞተር ገዝተው ያለ መካኒክ ለመግጠም አስበዋል፤ ይህ ይቻል እንደሆነ፣ በምን በምን መጠንቀቅ እንደሚገባዎና አሮጌውን ምን ቢያደርጉት እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ በሁለት የሸራ ጀልባዎች ላይ ሦስት ጊዜ ሞተር ቀይሬአለሁ፤ ከሦስቱ አንዱን ተሳስቼ በመግዛቴ ከአንድ ወቅት በኋላ ለመሸጥ ተገድጃለሁ። የምጽፍልዎ ከዚያ ስሕተትና ከሁለቱ የተሳኩ ሥራዎች ያገኘሁትን ነው።

በአጭሩ ይቻላል። አሮጌውን አውርዶ አዲሱን የመስቀሉ ሥራ ራሱ፣ መሣሪያው ከተዘጋጀና ውሃው ጸጥ ካለ፣ ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ የተሟላ የመፍቻ ስብስብ፣ ትራፓኖ፣ ጠንካራ ገመድና አንድ አጋዥ ሰው ይበቃሉ። ይሁን እንጂ ያየኋቸው ስሕተቶች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የተሠሩት ቡሎን ሲታሰር ሳይሆን ገና ከግዢው በፊት ነው፤ ሰው ሞተሩን አስቀድሞ ይመርጥና የሚሰቀልበትን ቦታ በኋላ ይለካል። እርስዎም ስለ ፈረስ ጉልበቱ በዝርዝር ጽፈው ስለ ሞተሩ እግር (ከሞተሩ ራስ ወደ ፕሮፔለሩ ስለሚወርደው ክፍል) ርዝመትና ሞተሩ በጀልባዋ ኋላ ስለሚሰቀልበት ማንጠልጠያ አንድም ቃል አላነሡም፤ ስለዚህ እባክዎ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ይጀምሩ።

ጉልበቱን በተመለከተ 9.9 የሚለውን ሐሳብ እንዲተዉት እመክራለሁ። የሸራ ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀች የምትሄድ እንጂ እንደ ፈጣን የሞተር ጀልባ ከውሃው በላይ ተነሥታ የምትንሸራተት አይደለችም፤ የፍጥነቷ ጣሪያ የሚወሰነውም በሞተሩ ሳይሆን ውሃው ላይ በሚያርፈው የአካሏ ርዝመት ነው። ይህ ርዝመት በእርስዎ ጀልባ 6 ሜትር ቢሆን፣ የ6 ስኩዌር ሩት 2.45 ያህል ነው፤ ይህንን በ4.5 ሲያባዙት በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። ከዚያ በላይ ጉልበት ቢጨምሩ ጀልባዋ ኋላዋን ውሃው ውስጥ እየቀበረች ትልቅ ማዕበል ትጎትታለች፣ ቤንዚንም ይነድዳል እንጂ ፍጥነቱ የሚጨምረው እምብዛም ነው። ለአንድ ቶን ክብደት ከ3 እስከ 4 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር መጠነኛ ነፋስን ፊት ለፊት ተቋቁሞ ለመሄድ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ለእርስዎ ጀልባ ይህ 5 ወይም 6 ማለት ነው። ኃይለኛ የውሃ ሞገድ ባለበት መተላለፊያ ዘወትር የሚመላለሱ ከሆነ ብቻ ስለ 8 ማሰብ ተገቢ ነው።

ከጉልበቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። የእርስዎ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር 20 ኪሎ ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ባለ አራት ስትሮክ ሞተሮች ከ4 እስከ 6 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ከ25 እስከ 28 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ብዙዎቹ አምራቾች ሦስቱን ጉልበቶች ከአንድ አካል ስለሚያወጧቸው የክብደት ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ስለዚህ 4 ለመግዛት ያሰበ ሰው 6 ቢወስድ የሚጎዳበት ነገር የለም። 9.9 ግን እንደ ዓይነቱ ከ37 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህ ጭማሪ በጀልባዋ መካከል ቢቀመጥ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ከኋላ ግድግዳዋ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በአብዛኛውም ወደ አንድ ጎን አጋድሎ የሚንጠለጠል በመሆኑ ኋላዋን ይደፍቃል፣ በሸራ ስትሄድም ውሃ ትጎትታለች። ሞተሩ አንድ ሰዓት ቢሠራ ሸራው አሥር ሰዓት በሚሠራበት ጀልባ ላይ ይህን ክብደት ሁልጊዜ ተሸክሞ መሄድ ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ተሳሳትሁበት ነገር ልምጣ፤ ይኸውም የሞተሩ እግር ርዝመት ነው። እነዚህ ሞተሮች በተለምዶ በሦስት ርዝመት ይሠራሉ፦ አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 51፣ እጅግ ረጅሙ ደግሞ 63.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምራቾች መጽሔት ላይ 15፣ 20 እና 25 ኢንች ተብለው ያገኟቸዋል። ልኩ የሚወሰደው የሞተሩ ሞርሳ ከሚቀመጥበት ጠርዝ አንሥቶ ከፕሮፔለሩ በላይ እስካለው አግዳሚ ዝርግ ክንፍ ድረስ ነው። ያ ክንፍ ከላይ አየር ወደ ፕሮፔለሩ እንዳይሳብ የሚከለክል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። እኔ የመጀመሪያውን አዲስ ሞተር ስገዛ ጀልባዬ በዕቃ ተጭና ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ቆማ ለክቼ፣ ረጅሙ ይበቃል ብዬ 51 ሴንቲ ሜትሩን ወሰድሁ። በጸጥታው ውሃ በእርግጥም በቃ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ነፋሱ በርትቶ ሸራ አውርጄ ወደ መጠለያ ስገባ፣ ማዕበል ከፊት ሲመጣ አፍንጫዋ ይወርዳል፣ ኋላዋ ይነሣል፣ ፕሮፔለሩም አየር ይይዛል። ድምፁ ከጉርምርምታ ወደ ጩኸት ሲለወጥ እጄን ቶሎ ብዬ ወደ ነዳጅ መስጫው እሰድዳለሁ፣ ዙሩን እቀንሳለሁ፣ ኋላዋ ተመልሶ ሲቀመጥ እንደገና እሰጣለሁ፤ ይህን በየማዕበሉ ለአርባ ደቂቃ ያህል አደረግሁ። ያን ጊዜ ጀልባዋ ወደ ፊት የሄደችው በእያንዳንዱ ማዕበል ግማሽ ብቻ ነበር፤ በግራዬ ደግሞ ድንጋይ ነበር። ሞተሩ ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ ጉድለቱ የእኔ ልኬት ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ይለኩ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ሆና እንደ ልማድዎ ዕቃና ነዳጅ ይጫኑባት፤ ማንጠልጠያው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ወደ መጨረሻው ዝቅታ ያውርዱትና ሞርሳው ከሚያርፍበት ጠርዝ እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። ከዚያ አንድ ሰው እስከ አፍንጫዋ ድረስ እንዲሄድ ያድርጉና ደግመው ይለኩ፤ መልሕቅ የሚጥል ሰው የሚቆመው እዚያ ነውና፣ በእኔ ጀልባ በዚህ ብቻ ኋላዋ 6 ሴንቲ ሜትር ተነሥቷል። ሊያምኑት የሚገባዎ ሁለተኛውን ልክ ነው። ለምሳሌ ርቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአጭሩ እግር ክንፉ ከውሃው በታች 8፣ በረጅሙ 21፣ እጅግ ረጅም በሆነው 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ለሸራ ጀልባ ከ20 በታች የሆነውን እኔ አልመርጥም፤ ማዕበል በሌለበት ውሃ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው 15 ሊበቃው ይችላል። በሌላ በኩል የሞተሩ ራስ ከኋላ በሚመጣ ማዕበል እንዳይጠልቅ፣ እግሩም ወደ ላይ ሲታጠፍ ፕሮፔለሩ ሙሉ በሙሉ ከውሃ እንዲወጣ ማረጋገጥ ያሻል፤ በሸራ ሲሄዱ ውሃ ውስጥ የቀረ ፕሮፔለር ፍጥነትን በግልጽ ይበላልና።

ቀጥሎ የሚመረመረው ማንጠልጠያው ነው። በላዩ ላይ የሚሸከመው የክብደትና የፈረስ ጉልበት ልክ የተጻፈበት ጽሑፍ ካለ ያንብቡት፤ ብዙ አሮጌ ማንጠልጠያዎች የተሠሩት ለቀላሎቹ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተሮች ነው። ሚዛን የሚያግዙት ሞላዎች ለ20 ኪሎ ግራም የተመጠኑ ከሆኑ 27 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሞተር በአንድ እጅ ማንሣት አይቻልዎትም፤ ማዕበል ላይ ደግሞ ሁለት እጅ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሞርሳው የሚነክሰው የኮምፔንሳቶ ጣውላም ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። የካቻቢቴ እጀታ ይዘው ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ ይምቱት፤ ጤነኛው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ግን ድፍን ያለ፣ የታመቀ ድምፅ አለው። የእኔን ስመታው የቀኙ ጥግ ድምፅ ተለወጠብኝ፤ በወስፌ ስወጋው ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ እጀታው ገባ፣ ስነቅለውም ጫፉ ላይ እንደ ሻይ ቅጠል የጠቆረ እርጥብ ብናኝ ይዞ ወጣ። ያ ጣውላ አሮጌውን ሞተር ለብዙ ዓመታት ተሸክሞ ነበር።

ጣውላውን መቀየር ከባድ አይደለም፤ ውሃ የሚችል ኮምፔንሳቶ ቆርጠው ሁሉንም ጠርዝ፣ በተለይም የቡሎን ቀዳዳዎቹን ውስጥ፣ በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ውሃ የማያስገባ ሙጫ) ደጋግመው ይቀቡ። ማንጠልጠያው ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ጋር የተያያዘባቸውን ቡሎኖችም አንድ በአንድ አውጥተው ይዩአቸው፤ ከውስጥ በኩል ዳዶው ያረፈው በትንሽ ሮንዴላ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሮንዴላውን ትተው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ያስገቡ፤ ጭነቱ በሰፊ ቦታ ላይ ካልተበተነ ግድግዳው የተሠራበት ፋይበር ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። የማይዝግ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር በጨው ውሃ ሲገናኝ አሉሚኒየሙን ስለሚበላው በመካከላቸው መከላከያ ቅባት ይደረጋል፤ ቀዳዳዎቹም ውሃ በማያስገባ የጀልባ ማሸጊያ ይሞላሉ። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ቀን ቢያጠፉ አይቆጭዎትም።

አሮጌውን ለማውረድ ማለዳን ይምረጡ። የሞርሳዎቹ ብሎኖች ዓመታት ስለቆዩ ተጣብቀው ሊያገኟቸው ይችላሉ፤ በመዶሻ ከመጣላት ይልቅ ሁለት ቀን አስቀድመው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እያረጠቡ ያቆዩአቸው። የነዳጁን ቱቦ ይንቀሉ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በማፍሰሻው ወደ ዕቃ ያንጠፍጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለም የባትሪውን ጫፍ አስቀድመው ይፍቱ። ብሎኖቹን ከመንካትዎ በፊት ግን ሞተሩን በጠንካራ ገመድ ከጀልባዋ ጋር ይሰሩት፤ ይህን ሳያደርግ አንድም ብሎን የሚፈታ ሰው ሞተሩን ለውሃ አሳልፎ እንደ ሰጠ ይቁጠረው።

ለማንሣት ከሁሉ የተሻለው ክሬን በጀልባዋ ላይ ያለው ነው። ዋናውን ሸራ የሚዘረጋውን አግዳሚ ምሰሶ ወደ ኋላ በማዞር ጫፉን በሸራ ማንሻው ገመድ ወደ ተራዳው ራስ ያስሩት፤ የምሰሶውን ጫፍ ዘወትር ከላይ የሚይዘው ቀጭን ደጋፊ ገመድ ብቻውን ለዚህ ጭነት አይታመንም። ከዚያ ሸራውን የሚቆጣጠሩበትን የካሩኮላ ገመድ ነቅለው በምሰሶው ጫፍ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ገመዱ አራት ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ 27 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር በእጅዎ ላይ 7 ኪሎ ግራም ያህልና ጥቂት ሰበቃ ብቻ ይሆናል። ማሰሪያው በሞተሩ ማንሻ ቀለበት ወይም በማቀፊያው ብረት ዙሪያ ይሁን እንጂ በፕላስቲኩ ኮፈን ላይ ፈጽሞ አይሁን፤ መቆለፊያው ከተለቀቀ ኮፈኑ በገመዱ ላይ ይቀርና ሞተሩ ይወርዳል። አጋዥ ሰው የሚያስፈልግዎ በተለይ ለአንዲት ቅጽበት ነው፦ ሞተሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በጀልባዋና በመቆሚያው መካከል ባለው ክፍተት ሲያልፍ አንዱ ገመዱን ይይዛል፣ ሌላው እግሩን ይመራል። ሁለት ጊዜ በሌላ ሰው እርዳታ፣ አንድ ጊዜ ብቻዬን ሠርቼዋለሁ፤ ብቻዬን የሠራሁትን አልደግመውም።

አዲሱን ሞተር በመኪና ሲያጓጉዙ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ መመሪያው ላይ አይተው በዚያ ጎን ብቻ ያስተኙት፤ ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ባልተፈቀደለት ጎን ከተኛ በውስጡ ያለ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ሌላው ከሁሉ በላይ የማሳስበው ነገር፣ አዲስ ሞተር ብዙ ጊዜ ያለ ሞተር ዘይት ታሽጎ እንደሚመጣ ነው። ከባለ ሁለት ስትሮክ የመጣ ሰው ዘይትን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ስለለመደ ለብቻው ዘይት መሙላት ሊረሳ ይችላል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ ሳለ መመሪያው በሚያዝዘው ዓይነትና መጠን ይሙሉ፣ በመለኪያ ዘንጉም ያረጋግጡ፤ የማርሽ ዘይቱንም አብረው ይመልከቱ።

ሲሰቅሉት ሞርሳዎቹ በጣውላው ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀምጠው በእጅ ኃይል እስከሚችሉት ድረስ ይጥበቁ፤ ብሎኖቹን ግራሶ ይቀቡ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅምዎታል። ሞተሩ ለቡሎን የተዘጋጀ ቀዳዳ ካለው ይጠቀሙበት፣ ከዚያም በተጨማሪ ሰንሰለት ወይም የብረት ገመድ ይሰሩለት። ከመጀመሪያው የአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ሞርሳዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ ጣውላ ስለሚታመቅ ሁልጊዜ ጥቂት ልል ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ሞተሩ ተሰቅሎ ሳይነሣ ደግሞ የጀልባዋን መሪ (ውሃ ውስጥ ያለውን የመሪ ሰሌዳ) እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን ያዙሩና ሞተሩን በሁለቱም አቅጣጫ ያዙሩት፤ ከዚያ መሪውን ወደ ሌላው ጎን አድርገው ይድገሙት። ረጅም እግርና ሰፊ ፕሮፔለር መሪውን ሊነካ ይችላል። በሁለተኛዋ ጀልባዬ ላይ ይህን ፈተና ሳላደርግ ቀርቼ፣ የመሪው ጠርዝ ላይ የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ በመጀመሪያው ቀን ተበልቶ ተገኘ። የሚነካካ ከሆነ የሞተሩን መዞሪያ የሚያግድ እንቅፋት ይደረግለታል።

የነዳጁን መስመር ከአሮጌው አይውረሱ። የሞተሮች የቱቦ መጋጠሚያ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ያረጀ ቱቦም ከውስጥ እየተላጠ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። በጋኑ የቀረው ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ለአዲሱ አይሆንም፤ ያጨሳል፣ ካንዴላውንም ያጠቁራል፤ ስለዚህ ጋኑን አንጠፍጥፈውና አድርቀው ንጹሕ ቤንዚን ይሙሉ። በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ፓምፕ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት፤ ሲጨምቁት ቀስቱ ሽቅብ እንዲሆን ቀጥ አድርገው ቢይዙት ቶሎ ይሞላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል፤ ጋኑ በመኝታው ክፍል ወይም ከክፍሉ ጋር በተገናኘ ሣጥን ውስጥ እንዳይቀመጥ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ባትሪ የሚሞላ ሞተር ከወሰዱ በዚህ መጠን ያሉት ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት 5 አምፔር ገደማ ነው፤ እሱም በከፍተኛ ዙር ነው። ለመብራት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አይጠብቁበት። ሽቦው ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሡት ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ይሁን፣ ማርሹ ፍሪ ላይ ይሁን፣ የድንገተኛ ማጥፊያውም ገመድ በእጅዎ አንጓ ላይ ይሁን። ዓይንዎ ከኋላ በሚወጣው ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃ ላይ ይሁን፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልታየ ያጥፉት። በውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ መዘውር ደረቅ ሆኖ ሲዞር በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጎዳ፣ ከውሃ ውጭ ለአንድ አፍታም ቢሆን አይሞክሩት። የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት ዙሩን እየለዋወጡ፣ ሙሉ ጉልበትን እየቆጠቡ መመሪያው እንደሚያዝዘው ይንዱት፤ የመጀመሪያው የዘይት ለውጥ በአብዛኛው 20 ሰዓት ሲሞላ ነው።

ሞተሩ ከተለማመደ በኋላ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ዙሩን ይለኩ። በዚህ መጠን ላሉት ሞተሮች የተለመደው በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ነው። ወደዚያ የማይደርስ ከሆነ ፕሮፔለሩ ለከባድ ጀልባ የማይመች፣ በአንድ ዙር ብዙ ለመሄድ የሚሞክር ነው ማለት ነው፤ አምራቹ ለሸራ ጀልባ የሚያቀርበውን አነስተኛ ርምጃ (በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት) እና ሰፊ ክንፍ ያለውን ቢቀይሩበት ጀልባዋ በኋላ ማርሽ ቆማ የምትታዘዝ ትሆናለች። ይህን ገላጣ ቦታ ላይ ይፈትኑት፦ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዱ ወደ ኋላ ማርሽ ያስገቡና በስንት የጀልባ ርዝመት እንደምትቆም ይቁጠሩ። የኋላ ማርሽ ከማስገባትዎ በፊት የእግሩ መቆለፊያ መያዙን ይዩ፤ ካልያዘ ሞተሩ ከውሃው ተነሥቶ ይወጣል።

አሮጌውን በተመለከተ፣ በጨው ውሃ ሲሠራ ከነበረ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ያንጠፍጥፉ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምረው ማስነሻ ገመዱን ቀስ ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡ፤ ከዚያም ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ለመሸጥ ከወሰኑ ለእርስዎ ያስቸገረዎትን ሁሉ፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚጠፋ ጭምር፣ ለገዢው ጽፈው ይስጡት፤ የሚገዛው ሰው ነፋስ ላይ ሆኖ ያንን ገመድ የሚስብበት ቀን ይመጣልና። አዲሱን ከመግዛትዎ በፊት በሁለቱ ሁኔታዎች የለኩትን ርቀትና በማንጠልጠያው ላይ የተጻፈውን ልክ ቢጽፉልኝ፣ የትኛው የእግር ርዝመት እንደሚስማማዎ አብረን እንመለከተዋለን።